ጄንጊስ ካንን ለምታደንቁ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ በቅጥር ኮሚቴ ፊት የሚቀርቡ ልጆች «የምታደንቀው መሪ ማን ነው?» ሲባሉ የጄንጊስ ካንን ስም ደጋግመው ሲጠሩ እሰማ ነበር። በእኛ ዕድሜ እንደ ዘመኑ ነፋስ ሌኒን ይባል ነበር፤ አለዚያም አፄ ቴዎድሮስ። «ለምን ጄንጊስ ካን?» ሲባሉ መልሳቸው ተመሳሳይ ነው፦ ከምንም ተነሥቶ ዓለምን ያዘ፣ ርኅራኄ አያውቅም፣ ጠላቱን አያስተርፍም። ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ጥቅስም አብሮ ይመጣል፤ የወንድ ልጅ ትልቁ ደስታ ጠላቱን አሳድዶ ፈረሱን መጋለብና ሚስቱን ማቀፍ ነው የሚል። ይህን ቃል በጽሑፍ ያስቀመጠው ፋርሳዊው ራሺድ አል-ዲን ነው፤ የጻፈውም ሰውየው ከሞተ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ በጆሮው የሰማ ሰው ምስክርነት አይደለም።

የእኔ ሙያ የሠራተኛ አስተዳደር ነበር፤ ቅጥር፣ እድገት፣ ዝውውር፣ ዲሲፕሊን። ሰውን ከየት አምጥቶ የት ማስቀመጥ እንደሚገባ ስወስን ነው ዕድሜዬ ያለፈው። ስለዚህ ስለዚህ ሞንጎል ሳነብ ዓይኔ የሚያርፈው ከሰይፉ ይልቅ በሰው አመዳደቡ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ከእሱ የሚበልጥ በታሪክ አላገኘሁም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከነገሩ ሁሉ አብልጬ የምፈራውም ይህንኑ ችሎታውን ነው። ምክንያቱን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹን የማስቀምጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ያን የምታደንቁትን ጭካኔ ከመንገዳችን ላይ እናንሣው። በዚያ ዘመን በሞንጎሊያ ሜዳ ጨካኝ ሞልቶ ነበር። የልጅነት ወዳጁና የኋላ ባላንጣው ጃሙካ ድል ባደረገ ጊዜ ምርኮኞችን በሰባ ድስት ቀቅሎ እንደ ፈጀ ይነገራል። ታታር የሚባለው ጎሣ ሰዎች የቴሙጂንን (የጄንጊስ ካን የልደት ስሙ ነው) አባት የሱጌይን በማዕድ ላይ መርዘው ገድለዋል። መርኪቶች ገና የተሞሸረች ሚስቱን ቦርቴን ጠልፈው ለሌላ ሰው ሰጥተዋታል። የታይቺዩድ ሰዎች የእንጨት ቀንበር አንገቱ ላይ ጭነው እስረኛ አድርገውታል። ጭካኔ ሁሉም ቤት ነበር። ጃሙካን ግን ዛሬ ማንም በቃለ መጠይቅ ላይ አያነሣውም። ቴሙጂንን ከጎረቤቶቹ የለየው ሁሉም የነበራቸው ነገር ሊሆን አይችልም።

የተወለደው በ1162 ገደማ በኦኖን ወንዝ አካባቢ ነው። ጎሣዎቹን አንድ ለማድረግ ሲዋጋ በኖረባቸው ዓመታት እኛ ዘንድ ንጉሥ ላሊበላ ዙፋን ላይ ነበር፤ ዘመኑን ለመገመት ይረዳችኋል። አባቱ ሲሞት ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ቢሆን ነው። ወገኖቹ እናቲቱን ሆኤሉንን ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። እሷም ሥራ ሥር እየማሰች፣ የዱር ፍሬ እየለቀመች አሳደገቻቸው። አንድ ቀን ቴሙጂንና ታናሹ ካሳር ያጠመዱትን ዓሣ ከሌላ እናት የተወለደው ወንድማቸው ቤክተር ነጠቃቸው፤ ቀደም ሲልም ያደኗትን ወፍ ወስዶባቸው ነበር። ሁለቱ ቀስታቸውን ይዘው አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ አድብተው ገደሉት። ሆኤሉን ፊታቸውን አይታ ነገሩን ወዲያው ዐወቀች። ከገዛ ጥላችሁ በቀር ወዳጅ በሌላችሁ በዚህ ሰዓት ወንድማችሁን በላችሁት ብላ ከአውሬ ጋር እያመሳሰለች ረገመቻቸው።

ይህን የነገሩን ጠላቶቹ አይደሉም። ከሞተ በኋላ ለገዛ ቤተሰቡ በተጻፈው «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» ውስጥ ነው የሰፈረው። እኛ ዘንድ ለታላላቅ ሰዎች የሚጻፈውን የሕይወት ታሪክ ስታነቡ ባለታሪኩ በልጅነቱ የጎረቤት ዶሮ እንኳ የነካ አይመስልም። የሞንጎሎቹን ጸሐፊ በዚህ አከብረዋለሁ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ቴሙጂን ገና ድኻ ጎረምሳ ሳለ ስምንት ፈረሶቹን ሌቦች ነዱበት። ዱካቸውን ሲከታተል አንድ የማያውቀው ወጣት ፈረስ ሲያልብ አገኘና ጠየቀው። ወጣቱ፣ ስሙ ቦርቹ ይባላል፣ የሚያልብበትን ዕቃ ሜዳ ላይ አስቀመጠ፤ ለአባቱ እንኳ ሳይነግር አብሮት ጋለበ። ፈረሶቹን አስጣሉ። ቴሙጂን ስንቱን ልስጥህ ሲለው፣ ወዳጅ ሆኜህ እንጂ ለድርሻ አልመጣሁም አለው። ይህ ሰው በኋላ የግዛቱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሰው ሆኗል። ዘመዱ አልነበረም፤ የአባቱ ቤት ወዳጅ በመባሉ ብቻ የተሾመም አይደለም። ሌላው የጦር አለቃው ጄልሜ ወናፉን በጀርባው ተሸክሞ የመጣ የቀጥቃጭ ልጅ ነበር። የጄልሜ ታናሽ ሱቡታይ ኋላ በዓለም ታሪክ ከታዩት ታላላቅ የጦር መሪዎች አንዱ ወጣው። እኛ አገር ቀጥቃጭ በምን ዓይን ሲታይ እንደኖረ የምታውቁ ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ይገባችኋል።

ስለ ጄልሜ አንድ ሌሊት ላጫውታችሁ። ከታይቺዩድ ጋር በተደረገው ውጊያ ቴሙጂን አንገቱ ላይ ተወግቶ ደሙ አልቆም አለ። ሲመሽ ሁለቱ ወገኖች እዚያው በየቦታቸው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ሰፈሩ። ጄልሜ የረጋውን ደም በአፉ እየመጠጠ እስከ እኩለ ሌሊት ሲተፋና ሲውጥ ቆየ። ቴሙጂን ሲነቃ ጠማኝ አለ። ጄልሜ ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ወደ ጠላት ሰፈር ገባ፤ ከአንድ ጋሪ ላይ እርጎ ሰርቆ ተመለሰ፣ ውሃ ፈልጎ በጠበጠና አጠጣው። ሲነጋ ቴሙጂን ዙሪያውን ያለውን የደም ኩሬ አይቶ «ራቅ ብለህ ብትተፋው ምን ነበረበት?» አለው። ቀጥሎ ደግሞ ራቁትህን ቢይዙህ እኔ ያለሁበትን አትነግራቸውም ነበር ወይ ብሎ ጠረጠረው። ጄልሜ፣ ወደ እናንተ ልከዳ ስል ያዙኝና ልብሴን ገፈው ሊገድሉኝ ሲሉ አመለጥኩ እላቸው ነበር፣ ያምኑኛል፣ ልብስ ሰጥተውም ያስጠጉኛል አለ። ነፍሱን ያተረፈለትን ሰው እንኳ ገና በማለዳው ነበር የመረመረው። ውለታውን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም።

ከውጊያው በኋላ እጃቸውን ከሰጡት መካከል አንድ ቀስተኛ ነበር። ቴሙጂን ከኮረብታው ላይ ፈረሴን አንገቱን የወጋው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ቀስተኛው፣ እኔ ነኝ አለ። ከገደልከኝ መዳፍ በምታህል መሬት ላይ እበሰብሳለሁ፤ ከማርከኝ ግን ጥልቁን ውሃ እሰነጥቅልሃለሁ አለ። ቴሙጂን የመለሰው፣ ጠላት የሆነ ሰው የገደለውን ይደብቃል፤ ይህ ግን ሳይደብቅ ተናገረ፤ አብሮ ሊሄዱት የሚገባ ሰው ነው የሚል ነበር። ጄቤ ብሎ ስም አወጣለት። ይህ ጄቤ ከሱቡታይ ጋር ሆኖ የካስፒያንን ባሕር ዞሮ በካውካሰስ ተራሮች አልፎ፣ በ1223 ካልካ ወንዝ ላይ የሩስ መሳፍንትን ጦር ደምስሷል።

ቴሙጂን ከዳተኛን የሚይዝበት መንገድ ደግሞ በሥራ ዓለም ለምትገቡ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከረኢት የተባለው ጎሣ አለቃ ልጅ ሰንጉም ተሸንፎ በረሃ ገብቶ በጥም ሲንከራተት፣ የፈረሱ ጠባቂ ጌታውን ጥሎ ወደ አሸናፊው ሸሸ። ሚስቱ አብራው ነበረች። ያበላህን ያለበሰህን ሰው ሜዳ ላይ ትጥለዋለህ? ቢያንስ ውሃ የሚጠጣበትን የወርቅ ጽዋ ተውለት ብላ ተከራከረችው። ሰውየው ጄንጊስ ካን ዘንድ ደርሶ፣ ጌታዬን ትቼልህ መጣሁ ብሎ በኩራት ተናገረ። ካኑ ሚስቲቱን ሸለመ፤ እሱን አንገቱን አስቀላው። ጃሙካንም አምስት የገዛ ሰዎቹ አስረው ሲያመጡለት፣ በጌታቸው ላይ እጃቸውን ያነሡ ሰዎች ለእኔ ይታመናሉ? ብሎ በጃሙካ ፊት አስገደላቸው። በተቃራኒው ጌታው እንዲያመልጥ ሦስት ቀን ሲዋጋለት ቆይቶ የተማረከውን ቃዳቅን አመስግኖ በሕይወት አስቀርቶታል።

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል ይባላል። በእኔ ዘመን አንድ ኃላፊ በተነሣ ማግሥት፣ ትናንት በሩን ሲያንኳኩ የነበሩ ሠራተኞች ከአዲሱ ኃላፊ ቢሮ ፊት ወንበር ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ የቀድሞውን ጉድ ለመናገር። አዲሱ ኃላፊም ብዙ ጊዜ ደስ ብሎት ያዳምጣል፤ እድገትም ይሰጣል። ያ ሰው ነገ ስለ እሱ የሚናገረውን አሁን በነፃ እያሰማው መሆኑን አያስተውልም። ቴሙጂን ፊደል አይቆጥርም ነበር፤ ይህን ግን ዐውቋል።

በ1206 በኦኖን ምንጭ በተደረገው ጉባኤ ጄንጊስ ካን ሲባል ያቆመው ሥርዓት ሌላ ረጅም ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ዋናውን ብቻ ላስፍር። ሕዝቡን በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ አደራጀው። ዘጠና አምስት ሻለቆች ሾመ። የተሸነፉት ጎሣዎች አብዛኞቹ ተበትነው በተለያዩ ሺዎች ውስጥ ተደለደሉ፤ ከተመደቡበት ክፍል ወደ ሌላ መዛወርም ተከለከለ። አሥር ሺህ የክብር ዘብ ነበረው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የአለቆቹ ልጆች ነበሩ፤ ዘብም ናቸው፣ መያዣም ናቸው፣ የነገ አስተዳዳሪዎችም ናቸው። አንድ ድርጊት ለሦስት ጉዳይ! በሰው አስተዳደር ሥራ የቆየ ሰው ይህን ሲያነብ ኮፍያውን ሳያነሣ አያልፍም።

ጽሕፈትንም በዚሁ መንገድ ነው ያገኘው። በ1204 ናይማን የተባለውን ጎሣ ሲያሸንፍ ታታቶንጋ የተባለ ኡይጉር የጌታውን ማኅተም አቅፎ ሲሸሽ ተያዘ። ወዴት ነው ሲሉት፣ ይህ የጌታዬ ንብረት ነው፣ ፈልጌ ላስረክበው ነው አለ። ያን ሰው ማኅተም ጠባቂው አደረገው፣ ልጆቹንም የኡይጉርን ፊደል እንዲያስተምርለት አዘዘው። ዋና ዳኛ አድርጎ የሾመው ደግሞ ሺጊ ኩቱኩን ነው። ይህ ሰው ሕፃን ሳለ በተዘረፈ ሰፈር ውስጥ ተጥሎ ተገኝቶ ሆኤሉን ያሳደገችው ነው። ፍርዱ ሁሉ በሰማያዊ መዝገብ እንዲጻፍና እንዳይለወጥ ተወሰነ። በ1215 የጂን መንግሥት ዋና ከተማ ዦንግዱ፣ ማለት የዛሬዋ ቤይጂንግ፣ ስትያዝ ንብረቱን እንዲቆጥሩ ሦስት ሰዎች ተላኩ። የግምጃ ቤቱ ሹም ወርቅና ሐር ይዞ ተቀበላቸው። ሁለቱ ተቀበሉ። ሺጊ ኩቱኩ፣ ይህ ትናንት የንጉሥህ ነበር፣ ዛሬ የካኑ ነው፣ አንተ ከየት አምጥተህ ትሰጠኛለህ ብሎ መለሰው። በ1221 ካኑ በመካከለኛው እስያ በኽዋራዝም ግዛት ላይ ሲዘምት ይኸው ሰው ፓርዋን ላይ በኽዋራዝሙ ሻህ ልጅ በጃላል አል-ዲን ተሸነፈ፤ ሞንጎሎች በዚያ ዘመቻ የደረሰባቸው ትልቁ ሽንፈት ነው። ካኑ አላዋረደውም። ማሸነፍ ብቻ ለምዶ ነበር፣ አሁን ይጠነቀቃል ብሎ፣ የጦር ሜዳውን አብሮት ዞሮ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ነበር አሳየው።

እስቲ ልብ በሉ። ያ ዳኛ ታታር ነበር።

ታታሮቹ ወዴት ሄዱ? በ1202 ቴሙጂን ድል ካደረጋቸው በኋላ ከዘመዶቹ ጋር ተማከረ። የተወሰነውም፣ የጋሪ ጎማ እንዳይወልቅ ከሚይዘው ካስማ ቁመቱ የሚበልጥ ወንድ ሁሉ እንዲገደል ነው። ልጆችን በጋሪ እያስጠጉ ለኩ ማለት ነው። የአባቴን ደም መለስኩ አለ። ከዚያው ሕዝብ የተገኘ አንድ ሕፃን ቤቱ ውስጥ ስላደገ ወንድሙ ሆነ፣ ዳኛም ሆነ። ሌሎቹ ካስማው አጠገብ ቆመው ቀሩ። ልዩነታቸው ከክበቡ ውስጥ መገኘትና አለመገኘት ብቻ ነበር። ስለ ታማኝነቱ፣ ስለ ፍትሐዊነቱ፣ ዘር ሳይለይ ስለ መሾሙ የምታነቡት ሁሉ እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ከክበቡ ውስጥ ለገባ ብቻ ነው።

ሰውየውን ሙሉ በሙሉ ያሳየኝ በዛሬዋ ቱርክሜኒስታን የነበረው የመርቭ ከተማ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1218 በኦትራር ነው። ከሞንጎሎች የተላኩ 450 ያህል ነጋዴዎች በጭነት ግመሎቻቸው ወደ ኽዋራዝም ግዛት ገቡ። የኦትራሩ ገዢ ኢናልቹክ ሰላዮች ናቸው ብሎ ገደላቸው፣ ንብረታቸውንም ወሰደ። ጄንጊስ ካን ጦር ከማንሣቱ በፊት መልእክተኞች ልኮ ገዢው ተላልፎ እንዲሰጠው ጠየቀ። የኽዋራዝሙ ንጉሥ ሻህ ሙሐመድ ዋናውን መልእክተኛ አስገደለ፣ የቀሩትን ጢማቸውን አስላጭቶ መለሳቸው። እስከዚህ ድረስ የተበደለው ካኑ ነው። በማንኛውም የዘመኑ ችሎት ፊት ቢቆም ይፈረድለት ነበር።

በ1220 ቡኻራና ሳማርካንድ ወደቁ። በ1221 መጀመሪያ ታናሹ ልጁ ቶሉይ መርቭ ደረሰ። መርቭ ምን ዓይነት ከተማ እንደ ነበረች የነገረን የጂኦግራፊ ሊቁ ያቁት አል-ሐማዊ ነው። ሞንጎሎች ሊመጡ ሲሉ ነው የወጣው። አሥር ቤተ መጻሕፍት ነበሩ፤ ሁለት መቶ ያህል መጻሕፍት ያለ መያዣ እያዋሱኝ ቤቴ አስቀምጥ ነበር ይላል። ዛሬ ከስንቱ ቤተ መጻሕፍት ሁለት መጽሐፍ ያለ መያዣ እንደምታወጡ አስቡ። መርቭ እጅ ሰጠች። ፋርሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጁቬይኒ እንደጻፈው፣ ሕዝቡ ወደ ሜዳ እንዲወጣ ታዞ አራት ቀንና ሌሊት ሲወጣ ከረመ። ከዚያ ተለየ። 400 የእጅ ባለሙያዎች ተመርጠው ወደ አንድ ወገን ቆሙ፤ ጥቂት ሕፃናትም ተጨመሩ። የቀረው ሁሉ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ ወታደር ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሰው ደረሰው፤ ተገደሉ። ጁቬይኒ የሞንጎሎች ጠላት አልነበረም፤ ደመወዝተኛቸው ነበር፣ ባግዳድንም አስተዳድሮላቸዋል። በዘመኑ ጸሐፊዎች የተሰጠው የሟች ቁጥር ከተማዋ ልትይዘው ከምትችለው በላይ ነው፤ እኔ አሥር እጅ ቀንሼ አስባለሁ። ቀንሼውም አልቀለለኝም።

ይህን ሳነብ ያስደነገጠኝ ሥርዓቱ ነው። ሰልፍ አለ፣ ምዝገባ አለ፣ መስፈርት አለ፣ ድልድል አለ። ሸማኔው እዚህ፣ ቀጥቃጩ እዚያ፤ ወጣቱ ለቀጣዩ ከተማ ምሽግ ፊት ቀስት መቀበያ እንዲሆን ወዲያ። እኔ ይህን ሥራ በሌላ ስም ዕድሜዬን ሁሉ ሠርቼዋለሁ፤ ሰውን በችሎታው መለየትና መመደብ። ቦርቹን፣ ጄልሜን፣ ጄቤን ያገኘው ዓይን ይኸው ዓይን ነው። አንድ ችሎታ ነው። ከዳር ቆሞ በጄቤ ያጨበጨበ በመርቭ በር ላይም የሚያየው ያንኑ እጅ ነው። «አመራሩን እወስዳለሁ፣ ጭፍጨፋውን እተዋለሁ» የሚል ወጣት ሲገጥመኝ፣ እንዴት አድርገህ ትለየዋለህ እለዋለሁ። መለየት የሚቻል ከሆነ መለያው ከችሎታው ውጭ ነው መገኘት ያለበት። እሱ ጋ አታገኙትም።

«ዘመኑ እንዲያ ነበር» ትሉኛላችሁ። የዘመኑን ሰው እንስማ። ኢብን አል-አሢር የተባለው የሞሱል ታሪክ ጸሐፊ ወሬው ሲደርሰው ለዓመታት ለመጻፍ እንዳመነታ፣ ምነው እናቴ ባልወለደችኝ እንዳለ ራሱ ጽፎታል። ዘመኑ እንዲያ ከነበረ እሱ ለምን ተንቀጠቀጠ? ሆኤሉንስ ለአንድ ልጅ ሞት ለምን ያን ያህል ተቆጣች? ያ ዘመን ግድያን የሚያይበት ዓይን ነበረው።

ስለ ውርሱ በአጭሩ። በ1227 ሺ ሺያ በተባለው የታንጉቶች መንግሥት ላይ ሲዘምት ሞተ፤ መቃብሩ በምስጢር ተያዘ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ከኮሪያ እስከ ካርፓቲያን ተራሮች የሚደርስ ግዛት ያዙ፤ በየብስ ከተያያዙ ግዛቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ፈረስ የሚቀያየርባቸው የመልእክት ጣቢያዎች ተዘረጉ፤ የካኑን ታርጋ በአንገቱ ያንጠለጠለ መልእክተኛ ከእስያ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይነካ ያልፍ ነበር። የየሃይማኖቱ አገልጋዮች ከቀረጥ ነፃ ነበሩ። በ1258 የልጅ ልጁ ሁላጉ ባግዳድን አጠፋ። በ1260 የሁላጉ ጦር በአይን ጃሉት ላይ በግብፅ ማምሉኮች ተሸነፈ። የዚያ ውጊያ አንዱ ጀግና ባይባርስ ነው፤ ኋላም ሱልጣን ሆነ። የእኛው ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክለት ደብዳቤ የጻፈው ለዚሁ ባይባርስ ነበር። ማዕበሉ ወደ እኛ ሳይደርስ በቀረበት ቦታ ላይ የቆመውን ሰው ነው የጻፈለት።

የዘር ነገርም ታነሣላችሁ። በ2003 የወጣ የዘረመል ጥናት ከእስያ ሰፊ ክፍል ወንዶች ስምንት ከመቶ ያህሉ አንድ የአባት መሥመር እንደሚጋሩ አሳይቶ፣ ከካኑ ቤተሰብ የመጣ ሊሆን ይችላል አለ። ከአስከሬኑ የተወሰደ ናሙና ስለሌለ ግምት ነው። ይህን ቁጥር በኩራት የምታጋሩ ወንድሞቼ፣ ከቁጥሩ ጀርባ ፈቃዳቸውን ማንም ያልጠየቃቸው ሴቶች አሉ። ቦርቴም በመርኪቶች ሰፈር እንዲሁ ነበረች።

በሞንጎሎች ግን አልፈርድም። በሶቪየት ዘመን ስሙን በክብር ማንሣት ያስቀጣቸው ነበር፤ በ1962 የልደቱን 800ኛ ዓመት ለማክበር ያስተባበረው ከፍተኛ የፓርቲ ሰው ቶሞር ኦቺር ከሥልጣኑ ተባርሯል። ዛሬ ከኡላንባታር ወጣ ብሎ በፈረስ ላይ የተቀመጠ 40 ሜትር የብረት ሐውልት አቁመውለታል። አባታቸው ነው፤ ፊደል፣ ሕግና አንድ ሕዝብ መሆንን ሰጥቷቸዋል። የመርቭ ልጅ ልጆችም የራሳቸውን ይናገሩ። እኔ የምጽፈው ሞንጎልም መርቫዊም ላልሆናችሁት ለእናንተ ነው፤ አርአያ የመምረጥ ነፃነት ላላችሁ።

አርአያ ከዚያ ግዛት ውስጥ ካስፈለገ የሉ ቹካይን ልጠቁማችሁ። ኪታን ከሚባለው ሕዝብ የተወለደ ነበር፤ የጂን መንግሥት ሹም ሆኖ በዦንግዱ ከበባ ውስጥ የተራበ ሰው። ጄንጊስ ካን አስጠርቶ፣ ጂኖች የአያቶችህን መንግሥት አጥፍተዋል፣ እኔ ተበቀልኩልህ አለው። ቹካይ፣ አባቴም አያቴም ጂኖችን አገልግለዋል፣ እንዴት በጌታዬ ላይ ቂም እይዛለሁ ብሎ መለሰ። ካኑ ወደደው፤ «ረጅም ጢም» እያለ ከአጠገቡ አላራቀውም። እዚህ ላይ እንኳ ሰው መምረጡን ያውቅበታል። የታኦ ሃይማኖት ሊቁ ቺዩ ቹጂም በ1222 የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት ይዘህልኛል ወይ ሲባል፣ ጤና መጠበቂያ መንገድ እንጂ የማይሞቱበት መድኃኒት የለም ሲል በሐቀኝነቱ ተመስግኗል።

ጄንጊስ ካን ከሞተ በኋላ በልጁና በወራሹ በኦጌዴይ ዘመን አንድ የቤተ መንግሥት ሰው፣ የሰሜን ቻይና ገበሬዎች ለምንም አይጠቅሙም፣ ይጥፉና መሬቱ ግጦሽ ይሁን አለ። ቹካይ ስለ ርኅራኄ አልሰበከም፤ ሰሚ እንደማያገኝ ያውቃል። ቁጭ ብሎ አሰላ። እነዚህ ሰዎች እያረሱ ቢቀመጡ በዓመት 500,000 ሚዛን ብር፣ 80,000 ጥቅል ሐር፣ ከ400,000 ሺ የሚበልጥ እህል ይገባል አለ፤ «ሺ» የቻይናዎቹ የእህል መስፈሪያ ነው። ሞክር ተባለ። በ1231 ኦጌዴይ የገባውን ብርና ሐር ሲያይ ተገረመ፤ ግጦሹ ቀረ። ቹካይም ሰውን ይመድብ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን ግብር ከፋይ ብሎ የጻፈው ሰው ሁሉ በሕይወት ይቆይ ነበር። ከክበቡ ውጭ ያለውን ሰው ወደ ክበቡ የሚያስገባ ዓምድ ፈልጎ አገኘለት ማለት ነው። በቢሮ ለምትቀመጡ፣ ቅጽ ለምትነድፉ፣ ዝርዝር ለምታዘጋጁ ልጆች ከዚህ የበለጠ የማሳያችሁ ሰው የለኝም።

ሁልጊዜ አላሸነፈም። ከጊዜ በኋላ አብድ አል-ራህማን የተባለ ነጋዴ የቀረጡን ገቢ እጥፍ አድርጌ አስገባለሁ ብሎ ተኮናተረ፤ 1.1 ሚሊዮን የነበረው 2.2 ሚሊዮን ሚዛን ብር ሆነ። ቹካይ ድምፁ እስኪዘጋ ተከራከረ፣ አለቀሰም። ኦጌዴይ፣ ለሕዝቡ ልታለቅስ ነው ወይ ብሎ ቀለደበትና ለነጋዴው ፈቀደለት። ቹካይ ሲሞት ለሃያ ዓመት የግዛቱን ገቢ ግማሽ ቤቱ አከማችቷል ብለው ከሰሱት፤ ቤቱ ተበረበረ። ከአሥር የሚበልጡ የክር ሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ጥቂት ሺህ ጥቅል መጻሕፍትና ሥዕሎች ተገኙ። ብር አልነበረም።